ለቁልቁለቱ የሚሆን ቦታ

ካፒቴን መኪናቸውን ከግድግዳ ጋር ማገናኘት ነውር ይመስላቸው ነበር። ከመኪናዋ ጋር አብሮ የመጣው የቻርጅ ገመድ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ካፒቴን የሚለውን ማዕረግ የሰጧቸው ተሳፋሪዎቻቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ረጅም መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ አንድም ቀን ጎማ ከመንገድ ሳያወጡ ጡረታ ወጡ። ለጡረታቸው የገዟት መኪና ሁለት ጉልበት አላት፤ በነዳጅም በኤሌክትሪክም ትሄዳለች። ባትሪዋም በሁለት መንገድ ይሞላል። ወይ ቆማ ግድግዳ ላይ ትሰካለች፣ ወይ ከመሪው አጠገብ ያለው ቁልፍ ሲጫኑት ሞተሩ መኪናዋን እየነዳ ባትሪውንም አብሮ ይሞላል። ካፒቴን ሁለተኛውን መረጡ። ከቤት ሲወጡ ቁልፉን ይጫኑታል፤ እስኪመለሱ አያጠፉትም።

«የኔ መኪና ከግድግዳ አትለምንም» ይላሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው። «ሠርታ ነው የምትበላው።»

«ሠርታ መብላቷን እንጃ» ይመልሳሉ ባለቤታቸው፣ ከሻይ ብርጭቋቸው ቀና ሳይሉ። «ስትጠጣ ግን አይቻታለሁ። የነዳጅ ማደያው ሰውዬ እኮ ከገዛ ወንድሜ ይልቅ ያውቀኛል!»

ልጃቸው ድምፅ ሳታወጣ ትስቃለች።

እናቷ እውነታቸውን እንደሆነ ታውቃለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው መካኒካል ምሕንድስና ነው፤ የምትሠራውም በተሽከርካሪ መመርመሪያ ጣቢያ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ለአባቷ ቀስ ብላ ነግራቸው ነበር። ካፒቴን በኩራት አዳመጧት፣ «ልጄ ይህን ሁሉ ታውቃለች» ብለው ለጓደኞቻቸው አወሩ፣ በማግሥቱም ቁልፉን እንደ ወትሮው ተጫኑ። ከዚያ ወዲያ አልደገመችውም። አባቷ በእሷ የሚኮሩትን ያህል እሷም በአባቷ ትኮራለች፤ የሚኮሩበትን ሰው ማረም ደግሞ ከባድ ነው።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ» ይሏታል እናቷ። «ያንቺ ግን ሳይነቅዝ አይቀርም።»

ኤሌክትሪሻኑን ያወቀችው መኪናውን በምርመራ የጣለችበት ቀን ነው።

የሚሠራበትን ድርጅት ቫን ለዓመታዊ ምርመራ ይዞ መጥቶ ነበር። የፍሬን መፈተሻው ላይ አወጣችው፤ የግራው ጎማ ከቀኙ ቀድሞ ይይዛል። «አላለፈም» አለች፣ ዓይኗን ከመለኪያው ሳታነሳ። ይህን ቃል የሰማ ሰው ሁሉ ወይ ይቆጣል፣ ወይ ስልክ አውጥቶ የሚያውቀው ሰው ጋ ይደውላል፣ ወይ «እህቴ፣ ዛሬን ብቻ» እያለ ይለማመጣል። እሷም ለእያንዳንዳቸው የተዘጋጀ ዝምታ አላት። ኤሌክትሪሻኑ ግን ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየና፣

«መሪው ወደ ግራ ሲስበኝ እኮ እጄ የደከመ መስሎኝ ነበር» አለ። «ስንት ሰው አሳፍሬበት ነበር መሰለዎት! እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ለዚህ የተዘጋጀ ዝምታ አልነበራትም። ወረቀቱን እንደ ጀማሪ ገልብጣ ሰጠችው።

አሠርቶ መለሰው፤ አለፈ። በዚያው የቀረ መስሏት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጣቢያው ግቢው ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና መሙያዎች ሊያስተክል ወሰነ፤ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቦ በበሩ የገባውም እሱ ሆነ።

ሥራው ሰነባበተ። ከመስኮቷ ሆና ታየዋለች። የአንዱን ሳጥን ክዳን ገጥሞ ብሎኖቹን ያጠብቅና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይመለከታል። ከዚያ ካቻቢቴውን ይዞ ይመለስና የእያንዳንዱ ብሎን ጭረት ሽቅብ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ነካ ነካ ያደርጋቸዋል። መጀመሪያ ድንገት መስሏት ነበር። በሁለተኛው ሳጥንም ደገመው። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዛ ወጣች።

«ብሎኖቹን ለምንድነው የሚያቆሟቸው?»

ካቻቢቴውን ከጀርባው ደበቀ። «አዩኝ እንዴ?»

«አየሁ።»

«ማንም አያይም ብዬ ነው እኮ።» ትንሽ አሰበ። «ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ እዚህ ቦታ አንድ ሰው ሳይቸኩል ሠርቶ የሄደ ይመስላል። ሌላ ጥቅም የለውም። እርስዎስ ግን የሰዉን መኪና በር ለምንድነው እንደዚያ ቀስ ብለው የሚዘጉት? የጣሉትን መኪና በር እንኳ!»

እጇን አየች። በር እንዴት እንደምትዘጋ አስተውላ አታውቅም፤ አስተውሎ የነገራት ሰውም አልነበረም። ለካ እሷ በመስኮቱ ስታየው፣ እሱም በዚያው መስኮት ሲያያት ነበር።

«አንቺ በለኝ» አለችው ድንገት። በራሷ ድፍረት ደንግጣም ወደ ቢሮዋ ሮጠች። ሻዩን ሳትሰጠው ይዛው ገብታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ዳር ያለችው አግዳሚ ወንበር የሁለቱ ሆነች። እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች፤ አንዳንዴም እሱ ዝም ይላል፣ እሷም አብራው ዝም ትላለች። ሁለተኛው ይበልጥባት ነበር። ከሌላ ሰው ጋር ዝም ስትል የምትደበቅ ይመስላታል፤ ከእሱ ጋር ግን ዝምታ ራሱ ወግ ነበር። የሥራው የመጨረሻ ቀን ላይ፣ «ከእንግዲህ እዚህ የሚያመጣኝ ሰበብ የለም» አላት። «እናትና አባትሽን ልተዋወቃቸው። ሰበብ ሳያስፈልገኝ እንድመጣ።»

ቤታቸው ኮረብታው አናት ላይ ነው። መንገዱ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ በሩ ላይ ያልቃል። ካፒቴን በመጋረጃው ጥግ ቆመው እንግዳው ቫኑን ሲያቆም ተመለከቱ።

«ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሯል» ብለው ለባለቤታቸው አንሾካሾኩ። «ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደሚቆም የነገረው አለ።»

«ገና ሰላም ሳትለው ፈተና ጀመርክ?»

ነገሩ ሁሉ በደህና ሄዶ ነበር፣ ካፒቴን እንግዳቸውን መኪናዋን ሊያሳዩት እስኪያወጡት ድረስ። ስለ ቁልፋቸው ነገሩት። አትለምንም፣ ሠርታ ነው የምትበላው አሉት።

ኤሌክትሪሻኑ ልጅቷን አየ። እሷ መሬት መሬት አየች። ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ዳሩ ግን በዚህ ዓለም ላይ መዋሸት የማይችልበት ነገር ቢኖር ኤሌክትሪክ ነው።

«ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሞተሩ እየነዳ ባትሪም ሲሞላ ሁለት ጊዜ ነው የሚደክመው። ነዳጁ ኤሌክትሪክ ይሆናል፣ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ጎማ ያዞራል። ከባልዲ ወደ ባልዲ በእፍኝ ውሃ እንደ ማመላለስ ነው፤ በየመሐሉ ይፈስሳል። ከግድግዳ ቢሞሏት ነዳጁ ይተርፍዎታል።»

የካፒቴን ፊት ተለወጠ። «አውቶቡስ ነድተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ጭቃ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚንሸራተት አውቶቡስ ይዘህ፣ ከኋላህ ሕፃን ሲያለቅስ?»

«አላውቅም፣ ካፒቴን።»

«እህ!»

«አሁን ሕፃኑን ምን አመጣው?» አሉ እናቷ ከበረንዳው። «ልጁ የተናገረው ስለ ገመድ ነው!»

ካፒቴን የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው እየደባበሱ ቆዩ። «ለምን እንደመጣህ አልጠፋኝም» አሉ በመጨረሻ። «ልጄን ፈልገህ ነው። እሺ። ሶኬትህን በገዛ እጅህ ትከልልኝ፣ ገመድህን እሞክረዋለሁ። ሥራህን ሳይ አንተንም አይሃለሁ። ካሳፈርከኝ ግን ይህን ዳገት ሁለተኛ አትድከምበት።»

ሶኬቱ በሩ አጠገብ ተተከለ። ካፒቴን መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት፤ በጣታቸው ዳሰሱት፤ አንድም የሚሉት አጡ። ከእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር።

«ማታ ሰክተው ይተዉት» አላቸው ኤሌክትሪሻኑ። «ጠዋት ጢም ብላ ሞልታ ያገኟታል። ሙሉ ስትሆን ነው የሚያምርባት።»

ይህን ሲል ልጅቷ አጠገባቸው ነበረች። ዓይኗ ወደ ቁልቁለቱ ሄደ። ግን አባቷ ፈገግ ብለው ነበር፣ እሱም ፈገግ ብሎ ነበር፤ እሷም በዚያች ደቂቃ ላይ ጥያቄ ማንሳት አልወደደችም።

ካፒቴን እንደተባሉት ማታ ሰክተዋት አደሩ፤ በማግሥቱም እንደ ልማዳቸው ቁልቁል ጀመሩ። በዚያ መንገድ ላይ ፍሬን የሚነኩት ከስንት አንዴ ነው፤ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ መኪናዋ ራሷን ትይዛለች። ያን ጠዋት እግራቸውን አነሱ። መኪናዋ አልያዘችም። እንደ ተፈታ ፈረስ ለቀቀችው። ዳቦ ቤቱ ጋ ያለው ጥምዝ ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን በሙሉ ኃይላቸው ረገጡት፤ ጎማው ጮኸ፣ የፊቱ ጎማ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ። ማንም አልተነካም። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ግን ሁሉም ዞሮ አየ፤ ከመሐሉም አንዱ፣ «ካፒቴን ናቸው እንዴ?» ሲል ተሰማ።

ከጎማው ጩኸት ይልቅ ያቺ ጥያቄ አመመቻቸው።

ከዚያው መመርመሪያ ጣቢያው ሄዱ። ልጃቸው «ቀጥታ ግባ፣ አባዬ» ብትላቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ተራቸውን ጠበቁ። «ፍሬኑን ፈትሺው» አሏት። «ያ ልጅ የሆነ ነገር ነክቶብኛል።»

ፈተሸችው። ግራውም ቀኙም እኩል ይይዛል። «አልፏል» አለች።

«ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው ማለትሽ ነው?»

የመኪናዋን ቁልፍ መለሰችላቸው። ካፒቴን ቁልፋቸውን ተቀበሉ። «ገመዱን ወደነበረበት መልሼዋለሁ» አሉ። «ልጁም ወደነበረበት ይመለስ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ኤሌክትሪሻኑ እየሮጠ መጣ፤ እናቷ ደውለውለት ነበር። አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠና፣ «ፍሬኑን በጣቴ አልነካሁም» አላት።

«አውቃለሁ። ባትሪዋ እስከ ጫፉ ሞልታ ነበር?»

«እስከ ጫፉ።»

«እሱ ነው።» እጆቿን ጭኗ ላይ አገጣጠመች። «ቁልቁለት ላይ መኪናዋን የሚይዛት ባትሪው ነው። ጎማው እየዞረ ኤሌክትሪክ ይልክለታል፤ እሱ ሲቀበል መኪናዋ ትዘገያለች። የሞላ ባትሪ ግን ከየት አምጥቶ ይቀበላል? አባዬ በሞተር ሲሞላት፣ ወደ ቤት ሲወጣ ዳገቱ ይበላበት ስለነበር ሁልጊዜ ጎድላ ነበር የምታድረው። ሳያውቀው ቦታ ይተውላት ነበር።»

«ሶኬት ለተከልኩለት ሰው ሁሉ ሙሉ አድርግ ነው የምለው» አለ፣ ትንሽ ደረቅ ብሎ። «ማንም አልወቀሰኝም።»

«ሁሉም ሜዳ ላይ ነዋ የሚኖሩት። አንተም ያደግከው ሜዳ ላይ ነው።»

ዝም አለ። የዛሬው ዝምታ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። «ታውቂው ከነበር» አለ፣ «ያኔ ሙሉ ያድርጉት ስል አጠገቤ ቆመሽ ምነው አልነገርሽኝ?»

ይህኛው ወቀሳ ትክክል ነበር። «ስለማፍር» አለች።

«ከኔም?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቹ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር። ሁለት ኩሩ ሰዎች በአንድ ገመድ ምክንያት ሊለያዩ ነው፤ የሁለቱንም ስሕተት የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ዝም ካለች አባቷን አታጣቸው ይሆናል፣ እሱን ግን ታጣዋለች።

«እሁድ ጠዋት በራችን ላይ ጠብቀኝ» አለችው።

እሁድ ጠዋት ካፒቴን በረንዳው ላይ ጋዜጣ ሲያነቡ ፊታቸው ቆመች። «የመኪናዋን ቁልፍ ስጠኝ፣ አባዬ።»

ካፒቴን መሪያቸውን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። «ምን ልታደርጊ?»

«ልመረምራት። መንገድ ላይ። አንተም አጠገቤ ትቀመጣለህ።»

«ለዚያ ልጅ ብለሽ ነው።»

«ለመኪናዋ ብዬ ነው።»

«ውሸታም!» አሉ እናቷ ጫማቸውን እያጠለቁ። «እኔም እሄዳለሁ። ይህማ አያመልጠኝም።»

ካፒቴን የልጃቸውን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩ። እንዲህ ቀጥ ብላ አይታቸው አታውቅም። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

ኤሌክትሪሻኑ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ካፒቴን እንዳላየ ሰው አልፈውት የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እሱ ከኋላ፣ ከእናቷ ጎን ገባ።

«ትናንት ማታ ተደብቄ ሰክቼያት ነበር» አለች ልጅቷ ቀበቶዋን እያሰረች። «ሳትሞላ ነቀልኳት። ለቁልቁለቱ የሚሆን ቦታ ተውኩላት።»

ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሯን ከነዳጅ መስጫው አነሳች። መኪናዋ ያዘች። የዳቦ ቤቱ ጥምዝ ሲቃረብ የካፒቴን ቀኝ እግር ፍሬን የሌለበትን ወለል ይረግጥ ጀመር። መኪናዋ ግን እንደ ተገራ በቅሎ ለስለስ ብላ ዞረች። እግራቸው ላላ አለ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ወደ ባትሪው መለኪያ ጎንበስ አሉ።

«አናት ላይ ከነበረው በልጧል! ሳንሰካት?»

«ቁልቁለቱ ሞላት፣ አባዬ።»

ሰፊው መንገድ ላይ ሌላ ቁልፍ ተጫነች። «ይሄኛውን ነክቼው አላውቅም» አሉ ካፒቴን።

«ማቆያ ነው። ባትሪውን አይሞላም፣ አይጨርስም፤ ያለውን ይጠብቃል። ሞተሩ እንዲህ ያለ ዝርግ መንገድ ላይ ጎበዝ ነው፤ እዚህ እሱ ይሥራ። ቆም ቀጥ የሚያሰኘው የከተማው መሐል ላይ ግን ዝም ብሎ ነዳጅ ይጨርሳል። ኤሌክትሪኩን ለዚያ አቆየሁት።»

ከተማው መሐል ሲገቡ ማቆያውን አጠፋችው። ሞተሩ ተኛ። ጸጥታው ሲመጣ ኤሌክትሪሻኑ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ካፒቴን፣ ሙሉ ያድርጉት ያልኩዎት እኔ ነኝ። ዳገቱን በቫኑ ወጥቼው፣ ዳገት መሆኑን ረሳሁት። ያሳፈርኩዎት እኔ ነኝ እንጂ ገመዱ አይደለም።»

ካፒቴን ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም። «እኔም በእፍኝ ውሃ ሳመላልስ ነው የከረምኩት» አሉ ቀስ ብለው።

«በእፍኝ?» አሉ እናቷ። «በማንኪያ በለው!»

ማንም ሳይስቅ ቀይ መብራት ያዛቸው። አንድ የከተማ አውቶቡስ ጎናቸው መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ካፒቴን አጠገብ መንዳት የተማረ ነበር፤ በመስኮቱ ግማሽ ገላውን አወጣ።

«ካፒቴን! መሪውን ማን ቀማዎት?»

ልጅቷ አንገቷን ሰበረች። አባቷ ግን መስታወታቸውን እስከ ታች አወረዱ።

«ማን ይቀማኛል? ሰጥቼ ነው! ልጄ ናት። ፊት የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ሲባል አልሰማህም? ዛሬ እኔ ተማሪ ነኝ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት! ከኋላ ያለው ጎረምሳስ?»

ካፒቴን ወደ ኋላ ወንበር ዞሩ። መኪናዋ ውስጥ የሞተር ድምፅ የለም፤ የሚደበቁበት ጫጫታ የለም። ልጅቷ መሪውን ጨብጣ መስታወቱን አየች። ኤሌክትሪሻኑ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የሚያየው ካፒቴንን አልነበረም፤ እሷን ነበር።

«እሱ አማቼ ነው» አሉ ካፒቴን፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «የሠራውን ስታይ ታውቀዋለህ። ያጠፋውን ደግሞ ራሱ ይነግርሃል።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ስንቱን ሾፌር የጣለችው መርማሪ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላ አንዱ ጥሩንባ ነፋ፤ ሌላው ተከተለው።

«ሂጂ እንጂ ልጄ» አሉ አባቷ። «መንገድ ዘጋሽ እኮ።»

እናቷ ከኋላ በመሐረባቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «አንተም ቀበቶህን እሰር» ብለው አማቻቸውን ጎሸሙት።

መስታወቱን አንዴ ብቻ አየችው። አንዴ በቂ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ወደ መንገዱ መልሳ ነዳች፤ አባቷ አጠገቧ ነበሩና፣ አነዳዷን እንዲያዩላት ፈለገች።